ሸክላውን ብቻውን አናስዘፍነውም ነበር

ሰሞኑን በቴሌቪዥን ስለ ድሮ ዘፈን የሚያወራ ዘጋቢ ፊልም አሳይተው ነበር። "አባዬ፣ ና፣ ያንተ ዘመን መጣ!" ብላ ከጓሮ የጠራችኝ ልጄ ብርቱካን ናት። እኔ ከማንጎው ሥር ነበርኩ፤ የአርባ ምንጯ የሲቀላ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም፣ ቆርቆሮው ምድጃ ይሆናል። ዱላዬን ይዤ ገባሁና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ቀጭን ከረባት ያሰሩ ወጣቶች ተሰልፈው ጥሩንባ ይነፋሉ፤ ጸጉሯን ወደ ላይ የከመረች ሴት ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች ትወዛወዛለች። የተማሩ ሰዎች በየመሐሉ ብቅ እያሉ ያብራራሉ፤ አነፋፉ እንዲህ ነበር፣ ቅኝቱ እንዲያ ነበር፣ ዛሬ ፈረንጅ ሳይቀር ያንን ሸክላ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል ይላሉ። ደስ ይላል። የኔ ዓይን ግን የሚሄደው ወደ ሸሚዞቹ ነበር። ያን ጊዜ ኮሌታ ሰፊና ሹል ነበር፤ ከከረባቱ ግራና ቀኝ እንደ አሞራ ክንፍ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ሱሪው ከጉልበት በላይ ጠበቅ፣ ከታች ሰፋ ያለ ነው። ጫማው ተወልውሎ ፊት ያሳያል። እኔ እንዲያ ያለ ጫማ አልነበረኝም፤ ያለውን ሰው ግን መንገድ ዳር ቆሜ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬም ደስ ይለኛል።

እንዲህ ኮሌታ እያየሁ ሳለ አንድ ዘፈን ጀመረ። መግቢያውን ስሰማ ገና ጀርባዬ ቀጥ አለ። ባቡር ጣቢያ ቆማ ስለቀረች ሴት የሚናገር፣ ያን ጊዜ በየቡና ቤቱ የሚጮህ ዘፈን ነው። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ሳላስበው ከጉሮሮዬ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ብርቱካን ከወንበሯ ብድግ አለች።

"አባዬ! ምን ሆንክ? አነቀህ እንዴ?"

"አላነቀኝም። እየዘፈንኩ ነው።"

"ይሄ ነው ዘፈን? እንደ አውራ ዶሮ እኮ ነው የጮህከው!"

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ምን ብዬ ላስረዳት? እሷ አርባ ምንጭ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። በኛ በደጋው፣ በጨንቻ በኩል፣ ዘፈን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ያነሳዋል፣ አንዱ ከሥር ይይዘዋል፣ አንዱ ደግሞ ከላይ በቀጭኑ እየገባ እየወጣ ያልፋል። የኔ ቦታ ከላይ ነው። ሌላው ትንፋሽ ሲወስድ በቀዳዳው የምገባው እኔ ነኝ። ቃል የለውም፤ "ሆ" እና "ዬ" ብቻ ነው። ሰው የራሱን ድምፅ በልጅነቱ ካገኘ እሱኑ ይዞ ያረጃል፤ የሌላውን አይነካም፣ የሰው ወንበር ላይ ሄዶ እንደ መቀመጥ ነው። ስለዚህ የኔ ድምፅ ከጓደኛዬ ከባሳ ድምፅ ሲለይ ልጄ እንዳለችው ነው የሚሆነው፤ የዶሮ ጩኸት። ከሥር የሚይዘኝ ባሳ ነበር። እሱ ከሌለ እኔ ዘፈን አይደለሁም።

ባሳ የሽመና ጓደኛዬ ነው፤ አለ፣ ጨንቻ ነው የሚኖረው። አብረን ከዘፈንን ግን ስንት ዘመን ሆነን። ፊልሙን ባየሁ ማግስት ደግሞ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረኝ። አንገቴ ላይ ያለው እንቅርት ከጉርምስናዬ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው፤ በኛ አገር ብዙ ሰው አለው፣ እንግዳ ነገር አይደለም። ድሮ ስዘፍን ብቻ ነበር ትንሽ ያዝ የሚያደርገኝ፤ አሁን አሁን ግን ወደ ውስጥ እየገፋ ተኝቼም ትንፋሼን ይይዘኝ ጀመር። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት። "አባባ፣ ማውጣት አለብን፣ ቀጠሮ ይዘንልዎታል" አለኝ። ከዚያም "ድምፅዎ ሊለወጥ ይችላል፤ ምናልባት ይጎረንን ይሆናል፤ ምናልባትም ምንም አይሆን" አለ። ብርቱካን "በጤና ይነሳ እንጂ ድምፅ ምን ያደርግለታል!" አለችው። እውነቷን ነው። ሽማግሌ ለድምፁ መጨነቁ የሚያስቅ እንደሆነም አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ አማረኝ፤ ቢላዋው አንገቴ ከመድረሱ በፊት፣ በዚህችው በቀጭኗ ድምፄ፣ ከባሳ ጋር ያንን ዘፈን አንድ ጊዜ መዝፈን።

ዘፈኑን እንዴት እንዳገኘነው ልንገራችሁ። ያኔ የንጉሡ ዘመን ነው፣ ለውጡ ገና አልመጣም። እኔና ባሳ ጺማችን ሳይወጣ ነው እንደ ሌላው የአገራችን ልጅ ለሽመና ወደ አዲስ አበባ የሄድነው። ከጨንቻ በእግር ቁልቁል ወርደን አርባ ምንጭ ስንደርስ ከተማዋ ገና ጥቂት ቤት ናት፤ አባያ ሐይቅ ከሩቅ ቀይ ሆኖ ተኝቷል፣ ሙቀቱ ደገኛን ያንገዳግዳል። ከዚያ በሎንቺና ነው። የሎንቺና መንገድ ዛሬ ያለ ልጅ ቢሰማ አያምንም። ጣራው ላይ ሙዝ፣ ዶሮ፣ የሰው ብርድ ልብስ ይጫናል፤ ውስጥ አቧራው ዱቄት ነው። ሶዶ ሳንደርስ ጭቃ ይይዘንና ወንዱ ሁሉ ወርዶ ይገፋል። ሻሸመኔ እናድራለን። ሾፌሮቹ የዘመኑ ጌቶች ነበሩ፤ ጥቁር መነጽር፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ፎጣ፣ ከፊታቸው ደግሞ ሬዲዮ። ሬዲዮኑ ኮረብታ ሲወጣ ይዘፍናል፣ ሸለቆ ሲገባ ዝም ይላል። እኛም ዘፈን እየሰማን ሸለቆው ሲመጣ ያዝን ነበር። ዛሬ ስልክ ኪሱ የከተተ ልጅ ዘፈኑ ሁሉ እጁ ላይ ነው፤ እኔ አልቀናበትም፣ ይብዛለት። ግን ኮረብታ ጠብቆ መስማትም የራሱ ጣዕም አለው። የሬዲዮውን መመለስ የምትጠብቀው ሙሉ ሎንቺና ሕዝብ አብሮህ ዝም ብሎ ነው።

ሽሮ ሜዳ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን። ሸማኔ ቤት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ እግሩን እዚያ ሰዶ ነው የሚሠራው፤ የኔና የባሳ ጉድጓድ ጎን ለጎን ነበር። እግር ይረግጣል፣ እጅ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይሰዳል፣ ድሩ ይመታል፤ ቀኑን ሙሉ ቀ-ቀ-ድም፣ ቀ-ቀ-ድም። እኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ዝም ብሎ መሥራት አይችልም። ባሳ ከሥር ይጀምራል፤ ድምፁ እንደ ጎተራ ነው፣ ይሰፋል። እኔ ከላይ እገባለሁ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ግድግዳውን በጡጫ እየመታች "እናንተ ዶርዜዎች፣ ስንት ናችሁ እዚያ ውስጥ?" ትላለች። "ሁለት ነን እማማ!" እንላለን። "ሐሰት! አሥር ሰው ነው የገባው፣ ኪራይ እጨምራለሁ!"

ቅዳሜ ኩታችንን ገበያ አውጥተን ስንመለስ ሰውነታችንን ታጥበን፣ ካኪ ሱሪያችንን ለብሰን፣ ጸጉራችንን ቅቤ ነክተን እንወጣለን። ከኛ ሰፈር ወረድ ብሎ የወይዘሮ ሸዋዬ ቡና ቤት አለ። ወይዘሮ ሸዋዬ ሰፊ ሴት ናት፣ ወርቅ ጥርስ ያላት፣ ስትቆጣም ስትስቅም ወርቁ የሚታይ። ቤቷ ውስጥ ሸክላ የሚያጫውት ሳጥን ነበር። ቀይና ሰማያዊ መብራቱ በመስተዋት ውስጥ ይበራል፣ ሸክላዎቹ እንደ ሳህን ተደርድረዋል። ስሙኒ ይጎርስና ክንዱን ዘርግቶ አንዷን ሸክላ መርጦ ያስተኛታል። መጀመሪያ ለመስማት ሳይሆን ክንዱን ለማየት ነው የሄድነው። ብርዝ አዘዝን፣ በአንድ ብርሌ ለሁለት። አንድ ሱፍ ለባሽ ስሙኒውን ጣል አደረገና ያ የባቡር ጣቢያዋ ሴት ዘፈን ጀመረ።

ዘፋኙ ብቻውን ነበር። ጥሩንባ አለ፣ ከበሮ አለ፣ ግን ሰው የለም፤ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ የሚቀበለው የለም። እኔ ጭንቅ አለኝ። ባሳን አየሁት፤ እሱም ጨንቆታል። እኛ አገር ሰው እየዘፈነ ዝም ብሎ ማዳመጥ፣ ሸክም የያዘ ሰው ሲያልፍ እጅ አጣጥፎ እንደ ማየት ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ባሳ ከሥር ገባ። እኔም ከላይ ገባሁ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን። ወይዘሮ ሸዋዬ ከባንኮኒው ጀርባ እንደ ነብር ወጣች።

"እናንተ! በኔ ሸክላ ላይ ነው የምታላግጡት?"

"ኧረ እመቤቴ፣ አላላገጥንም" አለ ባሳ ብድግ ብሎ።

"ታዲያ ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?"

"ሰውየው ብቻውን ሆነብን።"

"የቱ ሰውዬ?"

"ይሄ የሚዘፍነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሱፍ ለባሹ "ሳጥኑን ይክፈቱላቸዋ፣ ገብተው ያግዙት!" አለ። ባሳ አላፈረም። "ሳጥን መሆኑን እናውቃለን ጌታዬ፤ ድምፁ ግን የሰው ነው። ሰው ብቻውን አይዘፍንም" አለው። ወይዘሮ ሸዋዬ በሩን በጣቷ አሳየችን። ወጣን። ከኋላችን ግን ሱፍ ለባሹ ሌላ ስሙኒ ጥሎ ኖሮ ያው ዘፈን እንደገና ተነሳ። በር ላይ ቆመን፣ ከውጭ፣ እንደገና ገባንበት፤ ምን እናድርግ! በሦስተኛው ስንኝ ወይዘሮ ሸዋዬ በሩን ከፈተችው። ወርቅ ጥርሷ ይታያል። "ግቡ፣ እናንተ ዕብዶች" አለች። "ያለ እናንተ ጎደለ።"

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦታችን ከሳጥኑ ጎን ሆነ። እንግዳ ሰው ሲመጣ ወይዘሮ ሸዋዬ "ይህ ሳጥን ሁለት ሎሌ አለው" ትላለች። አማርኛዬንም ያገኘሁት እዚያ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል እንኳ የቆጠርኩት በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቋንቋው በዘፈን በኩል ስለገባኝ የመጀመሪያ አማርኛዬ በሙሉ የፍቅር ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ነጠላ ሊያሠሩ መጥተው "መቼ ይደርስልኛል?" ሲሉኝ፣ በጣም ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ "ዓይኔ ዓለሜ፣ ናፍቆትሽ ገደለኝ፣ ማክሰኞ ነይ" አልኳቸው። ባሳ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን ደግ ነበሩ፤ ማክሰኞ መጡ። ነጠላውን ሲወስዱም "ዛሬስ አልናፈቅሁህም?" ብለውኝ ሄዱ።

መስቀል ሲደርስ የጋሞ ሸማኔ በሙሉ አገሩ ይገባል፤ ያን ጊዜም እንዲህ ነበር፣ ዛሬም እንዲሁ ነው። የሽሮ ሜዳ ሰፈር ጭር ይላል። ሎንቺናው በኛ ይሞላል፤ ለእናት ሻሽ፣ ለአባት ምላጭ፣ ለእህት መስታወት የያዘ ሰው ሁሉ። እኔና ባሳ ደግሞ ዘፈኑን ይዘን ሄድን። ቀርከሃው ከዳመናው ጋር በተደባለቀበት፣ ብርዱ አጥንት በሚነካው በኛ ሰፈር ሜዳ ላይ አነሳነው። አማርኛው የገባው ሰው አልነበረም። ባቡርም ያየ የለም። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ሁሉም በየቦታው ገባበት፤ ከሥር የሚይዘው በዛ፣ ከላይ የሚገባው በዛ፣ ያ ብቸኛ ዘፋኝ እንደ ንብ ቀፎ ሰው ሞላበት። ዘፋኙ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ጨንቻ ድረስ መጥቶ እንደነበረ ሳያውቅ ቀርቷል። ፊልሙ ውስጥ የተማሩት ሰዎች ያ ሙዚቃ እስከ ፓሪስ ደረሰ ሲሉ "እኛ ጋ ቀድሞ ደርሷል" ብዬ ለብርቱካን ነገርኳት።

ኋላ ዘመኑ ተለወጠ። የወይዘሮ ሸዋዬ ቤት በጊዜ መዝጋት ጀመረ፣ ከዚያ ጨርሶ ተዘጋ፤ ሳጥኑን ማን እንደወሰደው አላውቅም። እኔ አግብቼ አርባ ምንጭ ወረድኩ፤ እዚሁ ሸመንኩ፣ እዚሁ ልጅ አሳደግሁ፣ ሚስቴንም እዚሁ ቀበርኩ። ባሳ ጨንቻ ገባ። አንድ ክረምት የመጀመሪያ ልጁ በጠና ታመመ። ባሳና ሚስቱ ማርታ ያኔ ጴንጤ ሆነው ነበር። ሕፃኑ ዓይኑ ተገልብጦ ሳለ ባሳ ተንበርክኮ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ ከተውክልኝ ድምፄን ላንተ ብቻ እሰጣለሁ" ብሎ ተሳለ። ልጁ ዳነ። ዛሬ ካምባ ከተማ አስተማሪ ነው፣ ልጆች ወልዷል። ባሳም ከዚያ ወዲህ ከጸሎት ቤት ውጭ ድምፁን አላነሳም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ስለቴን ለታቦት ነው የማገባው፤ ስለት ግን ስለት ነው። ስንገናኝ ሁሉንም እናወራለን፣ ዘፈን አናነሳም።

እንግዲህ ይህን እያወቅሁ ነው ወደ ጨንቻ የወጣሁት። ሚኒባሱ መጠምዘዣውን ሲጀምር ጆሮዬ ይዘጋል፣ ከዚያ ብርዱ በመስኮት ይገባል፤ ልጆች መንገድ ዳር ፖም አንጠልጥለው ይጣራሉ። ባሳ በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ ነበር።

"ማቴ! ቆላው በላህ አይደል?" አለኝ።

"በልቶኛል፤ የመጣሁት ትራፊው ነኝ።"

ማርታ ትኩስ ቆጮ በሚያቃጥል ዳጣ አቀረበች። በላን፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ከዚያ የአንገቴን ነገር ነገርኩት። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ። ዘፈኑ በቴሌቪዥን መምጣቱንም ነገርኩት። ባሳ የምለው ምን እንደሆነ ሳልጨርስ ገባው። ቆጮውን አስቀመጠ።

"ታውቃለህ አይደል?" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ድምፄን ሰጥቻለሁ፣ ማቴ። ልጄ በዚያ ድምፅ ነው የሚሄደው።"

"መልሰህ ውሰድ አልልህም።"

"እኔም ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማርታ ሰሃኑን አነሳች። ኋላ ባሳ ተነስቶ መጣና ትልቅ እጁን እንቅርቴ ላይ አድርጎ በጋሞኛ ጸለየልኝ። ረጅም ጸሎት ነበር። ሲጸልይ ያ ጎተራ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር፤ እኔም በዚያው ላይ ከላይ እንዳልገባ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ። እስከ መኪናው ሸኘኝ። አልተቀየምኩትም። ቁልቁል ስወርድ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አድርጌ ነበር የሄድኩት።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ነርሶቹ እንደ አባታቸው ነው የያዙኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ትንፋሼ ተከፈተልኝ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ በጀርባዬ ተኝቼ አደርኩ። ፋሻው ሲነሳና ተናገር ሲሉኝ ግን የወጣው ሌላ ሰው ነው። ወፍራም፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ። ቀጭኗ ሄዳለች። እህቴ ስልክ ደውላ "ደህና ነኝ" ስላት "ይቅርታ ተሳስቼ ነው" ብላ ዘጋችው። ብርቱካን ስትስቅ እኔም ሳቅሁ፤ እንደገና እስክትደውል። ብቻዬን ስሆን ግን፣ ማንጎው ሥር፣ ድሮ በምገባበት ቀዳዳ ልግባ ብዬ ሞከርኩ። አየር ብቻ ወጣ። እንግዲህ ሕይወት በዛልኝ፣ ድምፅ ቀረብኝ፤ የቱ እንደሚበልጥ አይጠፋኝም፤ ተመስገን አልኩ። ተመስገን ያልኩትም በዚያ በማላውቀው ድምፅ ነው።

ከዚያ ባሳና ማርታ ሊጠይቁኝ ወረዱ። ፖም በማዳበሪያ፣ ቡላ በቅጠል ይዘው። ባሳ ሙቀቱን እየረገመ፣ ጋቢውን እያወለቀ ገባ። "ማቴ! እንዴት ሆንክ?"

"ደህና ነኝ፣ ተመስገን" አልኩት።

ጋቢው እጁ ላይ ቀረ። "እንዴ! ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም እንዴ?" አለ።

"እጅህን አንገቴ ላይ ስታደርግ ጥለኸው ሄደህ ነው" አልኩት። ማርታ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ብርቱካን ምንም አታውቅም። እንግዳ ይጫወት ብላ፣ ያንን ፊልም ስልኳ ላይ አስቀምጣው ኖሮ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ ከፈተችው። እኔ ዝጊው ልላት ስል ያ ዘፈን ጀመረ። ማርታ ባሏን አየች። ባሳ አንገቱን ደፋ። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፍኖ ትንፋሽ ወሰደ። ቀዳዳው ባዶውን አለፈ። ከሳጥኑ ጋር ከተዋወቅን ወዲህ ያንን ዘፈን ባሳ ባለበት ባዶውን ሲያልፍ ሰምቼ አላውቅም። ሁለተኛው ስንኝ ሲመጣ አፌ አልቻለም፤ ተከፈተ። የወጣው ቀጭኑ አይደለም፣ እሱ የለም። ከሥር የሚይዘው ወጣ። የባሳ። ቦታውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እላዩ ላይ ቆሜበት የለም እንዴ!

ባሳ ቀና አለ። "ማቴ፣ የኔን ነው የያዝከው" አለኝ።

"ሌላ የቀረኝ የለም" አልኩት።

ዘፈኑ አለቀ። ባሳ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሲያስብ እንደሚያደርገው ጉልበቱን በመዳፉ ያሽ ነበር።

"ማርታ፣ ያኔ የሰጠሁት የራሴን ድምፅ ነው አይደል?"

"የራስህን ነው" አለች።

"የማቴዎስን አልሰጠሁም።"

"የሰው ዕቃ እንዴት አድርገህ ትሰጣለህ?" አለችው፣ ፖሙን እየላጠች፣ ቀና ሳትል።

ባሳ ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጄ ብርቱካን፣ እስቲ ከመጀመሪያው አስጀምሪልኝ" አላት።

ዘፋኙ አነሳው፣ እኔ ከሥር ያዝኩ። ትንፋሹን ሲወስድ ያ ትልቅ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘርግቶ፣ በቀጭኑ ገባ። ተሰነጠቀበት፤ ብርቱካን ከዶሮም ዶሮ ነው ብላ ኋላ ነግራኛለች። እኔ ግን እየያዝኩ አዳመጥኩት። ስሸምን መወርወሪያዬ ወዲያ ማዶ እስኪደርስ ስለምጠብቅ፣ ሁልጊዜ አንድ የልብ ምት ያህል ዘግይቼ ነበር የምገባው፤ ወይዘሮ ሸዋዬ እንኳ አንድ ቀን አላስተዋለችውም። ባሳ ዘግይቶ ገባ። መሐል ላይ እንቅርቱ ትንፋሼን ሲይዘኝ ድምፄን የምቆርጥባት ቦታ ነበረች፤ እሱ እንቅርት የለው፣ እዚያች ቦታ ላይ ቆረጣት፣ ዋጥ አደረገ፣ ቀጠለ።